ዝም ስትይ ምን እየሠራሽ ነው?

የመጀመሪያ ዓመት የትወና ተማሪ ሳለሁ ድምፄ ትልቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ለመግቢያ ፈተና ያቀረብኩት መነባንብ ልጇ የሞተባት እናት ናት። ጮኽኩ፣ አለቀስኩ፣ ተንበረከክኩ። አለፍኩ። ስለዚህ የድምፅ ሥልጠና የሚባለው ትምህርት ድምፃቸው ለማይሰማ ልጆች እንጂ ለእኔ አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ለሁለት ለሁለት ተከፍለን ትዕይንት ተሰጠን። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ እህትና ወንድም ሆንን። እሱ ለዓመታት የደበቀውን ነገር ይነግረኛል፣ እኔ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ እፈነዳለሁ። ፍንዳታዋን ሳምንቱን ሙሉ ሳጠናት ነው የከረምኩት። ቀኑ ደረሰና አቀረብን። እንዳሰብኩት አደረግኳት። ከኋላ አንዲት ልጅ እንባዋን ስትጠርግ ሳይ በልቤ «በቃ!» አልኩ።

የድምፅ መምህራችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ። ሁልጊዜ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ስንጨርስ ስለ ጩኸቴ ምንም አላሉም።

«አሥራ አንድ ሰከንድ» አሉ።

ምኑ?

«እሱ ሲያወራ ትንፋሽሽን ይዘሽ የቆየሽው። ቆጥሬዋለሁ። ዝም ስትይ ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«እየሰማሁት» አልኩ።

«አይ፤ ተራሽን እየጠበቅሽ ነው።» ይህን ብለው ወደ ቀጣዮቹ ልጆች ዞሩ።

ተናድጄ ሰነበትኩ። ያ ሁሉ እንባ ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ላብ ፈሶ፣ የተያዘልኝ ነጥብ ዝም ያልኩበት ሰዓት ሆነ? ቆይቶ ግን ነገሩ ይከታተለኝ ጀመር። ስልክ ሲጠራ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰው ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ሲረዝም እይዛለሁ። መንገድ ስሻገር ሳይቀር። ሳየው፣ ለመናገር በተዘጋጀሁ ቁጥር በሩን የምዘጋው እኔው ነኝ።

*

ቀጥሎ የመጣው ወለል ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል በጀርባችን ተኛን። ጉልበት ታጥፎ፣ የእግር መዳፍ መሬት ረግጦ፣ ከጭንቅላት ሥር ስስ መጽሐፍ ተደርጎ። ሥራችን ትንፋሻችንን ማዳመጥ ብቻ ነበር። «ትወና ልማር ገብቼ እንቅልፍ እየተማርኩ ነው» እያልኩ እቀልድ ነበር። አንድ ልጅማ በየክፍለ ጊዜው የምር ያንኮራፋል። መምህራችን አይቀሰቅሱትም። «ተዉት፣ ከሁላችሁ ደህና አድርጎ የሚተነፍሰው እሱ ነው» ይላሉ።

ቀልድ መስሎን ነበር። ግን የተኛ ሰው ልብ ብላችሁ እዩ። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጎኑ ይሰፋል፣ ትከሻው ንቅንቅ አይልም። ያንኑ ሰው ቀስቅሳችሁ አቁሙትና «በረጅሙ ተንፍስ» በሉት። ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፣ አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች ይገተራሉ። ብዙ ጉልበት አውጥቶ ጥቂት አየር ያገኛል።

«ከሆድ ተንፍሱ» የሚለውን ምክር ሁሉም ሰምቶታል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን በቃሉ ከተወሰደ ያሳስታል። አየር ሆድ ውስጥ አይገባም። ሳንባ ያለው ደረት ውስጥ ነው። ከሳንባ ሥር የተዘረጋ ጃንጥላ የመሰለ ጡንቻ አለ፤ ዲያፍራም ይሉታል። አየር ስንስብ ይኮማተርና ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ ያሉት ጨጓራ፣ ጉበትና አንጀት ቦታ ሲጠባቸው ሆድን ወደ ፊት ይገፉታል። የሆድ መነሳት እንግዲህ ዲያፍራሙ ሲወርድ አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ያልገባው ተማሪ ሆዱን በጡንቻ ወደ ፊት እየገፋ የተነፈሰ ይመስለዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሆዴ ይነሳል፣ አየር ግን የለም።

ደግሞ አስቸጋሪው ነገር ዲያፍራም እንደ ክንድ ጡንቻ በቀጥታ አይሰማንም። የሚሰማን ዙሪያው ነው፤ ጎን፣ ወገብ፣ ሆድ። ለዚህ ነው የድምፅ አስተማሪዎች በምስል የሚያወሩት። «ትንፋሹ እስከ ጅራት አጥንታችሁ ይውረድ» ይላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅ አፈነኝ። ትንፋሽ እዚያ እንደማይደርስ ማንም ያውቃል። ግን እዚያ ድረስ እንደሚወርድ ሳስብ የታችኛው ሆዴ ይላላል፤ እሱ ሲላላ ዲያፍራሙ መውረጃ ያገኛል። ምስሉ ውሸት ነው፣ ሥራው ግን እውነት ነው። ተዋናይ በዚህ ሊደነቅ አይገባውም መሰለኝ።

መምህራችን ብዙ ጊዜ ስሟን የሚያነሱት ክሪስቲን ሊንክሌተርን ነበር። በ1936 የተወለደች፣ በ2020 ያረፈች ስኮትላንዳዊት የድምፅ አስተማሪ ናት። የሊንክሌተር ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሩ ድምፅ ሁሉም ሰው ይዞት ይወለዳል፤ በኋላ ፍርሃት፣ ይሉኝታና ልማድ ይቆልፉታል። ስለዚህ ሥራው ቁልፉን መፍታት ነው። ከልምምዶቹ አንዱ እፎይታ ነው። ከባድ ሸክም ስናወርድ የምናወጣት «እፎይ» አለች አይደል? እሷን ያለ ድምፅ ማውጣት፣ ከዚያ በዚያችው ትንፋሽ ላይ ትንሽ ድምፅ ማስቀመጥ። ሌላ ምንም የለም።

ይህችን ትንሽ ነገር ለማግኘት አራት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ሆኜ፣ ደክሞኝ፣ ምንም ሳላስብ ድምፄ ወጣ። የማውቀው ድምፄ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻካራ፣ ከጉሮሮዬ ሳይሆን ከጀርባዬ የመጣ ይመስላል። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ደነገጥኩና ወዲያው ትንፋሼን ያዝኩ። ጠፋ።

*

ስለ ጉሮሮ ትንሽ ላውራ፤ ማንም ሳይነግረን የምንጎዳው እሱን ነው።

ድምፅ የሚፈጠረው ማንቁርት ውስጥ ካሉ ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመታቸው ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ከሳንባ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። በተራ ንግግር የወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል። አንዲት ሴት ለአሥር ደቂቃ ያለማቋረጥ አንድ ድምፅ ብታወጣ እንግዲህ 120 ሺህ ጊዜ ተጋጩ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጉሮሮን አንቆ መጮህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት።

እኔ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ አይቻለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ከውጭ የመጣ አዘጋጅ ከእኛ ጋር ተውኔት ሠራ። ስሙ ይቅር። ስሜት የሚመጣው ሰው ሲደክም ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ጥናት ላይ ያንኑ ጩኸት አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ያስደግማል። «አልተሰማኝም! እንደገና!» የሚለው ቃሉ አሁንም ይመጣብኛል። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ጓደኛዬ በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ሻከረ። «ማሟሟቂያ ሳልሠራ ስለገባሁ ነው» አለች። በአምስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ድምፅ አልነበራትም። ሐኪም በአፍንጫዋ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ሲያይ እጥፋቶቹ ላይ ትናንሽ እባጮች ተገኙ፤ እጅ ሥራ ሲበዛበት እንደሚያወጣው ቆዳ ማለት ነው። ዝም እንድትል ታዘዘች። ወረቀት ላይ እየጻፈች ታወራን ነበር። ተውኔቱ በሌላ ልጅ ታየ። ሞቅ ያለ ጭብጨባም አገኘ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ነገር ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳ «ይበቃል» አለማለቱ ነው። እኔን ጨምሮ። ተዋናይ መሰዋት አለበት የሚባል ወሬ አለ፤ ያንን ወሬ ሁላችንም እንወደው ነበር። ድምፅ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው። ይህ ድክመት አይደለም። ሯጭ ጉልበቱን ሲያመው «ስሜቱ ውስጥ ገብቼ ነው» አይልም።

ውኃን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር። መድረክ ልንወጣ ስንል ጠርሙስ የምንጨብጥ ብዙዎች ነን። የምንጠጣው ውኃ ግን የድምፅ እጥፋቶቹን አይነካቸውም። ቢነካቸው ትን ይለን ነበር። ውኃው በሌላ መንገድ ያልፋል፣ ሰውነት ይወስደዋል፣ እጥፋቶቹን የሚያርሰው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ለማታው ትርኢት የሚጠጣው ውኃ ቀን ላይ የተጠጣው ነው።

*

የንግግር ልምምድ ስንጀምር መምህራችን ከውጭ የመጣውን ሁሉ ትተው ወደ ቋንቋችን አመጡን። እኔ ከሠለጠንኩት ነገር ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

«ትንፋሻችሁን ያዙ» አሉን። ያዝን። «አሁን ‹ጥ› በሉ።» ወጣ። «‹ቅ›።» ወጣ። «‹ጭ›።» ወጣ። «‹ህ› በሉ።» እንቢ አለ። «‹ፍ›።» እንቢ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እናንተም ሞክሩት። ጠ፣ ቀ፣ ጨን የመሰሉት ድምፆች የሳንባ አየር አያስፈልጋቸውም። ማንቁርቱ ተዘግቶ ከፍ ይልና ከላዩ የታሰረውን ጥቂት አየር ጨምቆ ያፈነዳዋል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ መነባንብሽን በይ።» አልኩ። «ተሰማችሁ? ‹ቅ› እና ‹ጥ› እንደ ጥይት ነው። አናባቢዎቹ ግን የታነቁ ናቸው።» እውነታቸውን ነበር። ትንፋሼን ይዤም ቢሆን የሚሠሩት ድምፆች ነበሩ ጎልተው የሚወጡት። ሰው «ድምፅዋ ጠንካራ ነው» የሚለኝ ለዚህ ነበር። ሐዘን ግን በ«ቅ» አይለቀስም። የሚለቀሰው በ«አ» እና በ«ኡ» ነው፤ እነሱ ደግሞ ክፍት ጉሮሮና የሚፈስ አየር ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ መጥበቅና መላላት መጣ። ፊደላችን ይህን አይጽፍልንም፤ ተዋናይ ነው የሚያውቀው። «ይሰማል» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ሲላላ ሰውየው ሌላውን ይሰማል። ሲጠብቅ ሰውየው ራሱ ለሌላው ይሰማል። አጻጻፉ አንድ፣ ትርጉሙ የመስሚያና የመሰሚያ ያህል የተለያየ። ማጥበቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ተነባቢው ላይ ትንሽ መቆየት ነው። የሚቸኩል ተዋናይ፣ ትንፋሽ ያለቀበት ተዋናይ፣ ያችን ቅጽበት አይሰጣትም። መጀመሪያ የሚበላው እሷን ነው። ከዚያ ተመልካቹ ፊቱን ጨፈገግ አድርጎ «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ ሲመልስለት ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ያመልጣቸዋል፤ ለሁለቱም።

የከፋው ግን የዐረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። የእኛ ቋንቋ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን እንደሠራ፣ ምን እንደሠራ፣ በማን ላይ እንደሠራ፣ ከነጭራሹም ሠርቶ እንደሆነ አለመሆኑ የሚታወቀው መጨረሻዋ ቃል ላይ ስንደርስ ነው። «ልጁን ትናንት ማታ ከወንዙ ማዶ ያገኘው ወንድሜ አይደለም።» «አይደለም» ካልተሰማ ተመልካቹ ይዞ የሚሄደው ፍጹም ተቃራኒውን ነው። ጀማሪ ተዋናይ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን በኃይል ይጀምርና መጨረሻው ላይ አየር ያልቅበታል። ድምፁ ይወርዳል፣ ቃሉ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። ዜናው እዚያ ቀረ።

መፍትሔው መጨረሻዋን ቃል መጮህ መስሎን ነበር። እንደዚያ ስንል ከወታደር ትዕዛዝ የማይለይ ነገር ሆነ። መምህራችን ጆሯቸውን ይዘው አስቆሙን። «ቃሉን አትግፉት። ለመናገር ስትስቡ፣ ‹አይደለም›ን አስባችሁ ሳቡ።» ማለትም ሐሳቡና ትንፋሹ አብረው ይግቡ። ሰው በተራ ኑሮው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አጭር ነገር ልትናገሩ ስትሉ አጭር ትስባላችሁ። ረጅም ጉድ ይዛችሁ ስትመጡ ከደጅ ጀምሮ ትስባላችሁ። ማንም አላስተማራችሁም። ይህ የሚጠፋው የሌላ ሰው ቃል በቃላችን ስናጠና ነው፤ ቃሉን እናውቀዋለንና ማሰብ እናቆማለን። ማሰብ ሲቆም ትንፋሹ ከየት ይመጣል?

*

የእንቅስቃሴ ትምህርት ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ አስተማሪ ነበረው። ወጣት ነው፤ «አንቱ እንዳትሉኝ» ብሎ መጀመሪያ ቀን አስጠንቅቆናል። እኔ የሰውነት ትምህርቱን እንደ ስፖርት ነበር የማየው። መዝለል፣ መንከባለል፣ መለጠጥ። ስንፈልግ ላብ፣ ስንፈልግ ጨዋታ። ከድምፅ ትምህርቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ጭምብል ይዞ መጣ። ገለልተኛ ጭምብል ይባላል። አይስቅም፣ አያዝንም፣ አይናደድም። ይህን ልምምድ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ዣክ ሌኮክ ነው። ሌኮክ ወደ ቴአትር የመጣው ከስፖርት ሲሆን በ1956 ፓሪስ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። የቆዳ ጭምብሎቹን የሠራለት አምሌቶ ሳርቶሪ የሚባል ጣሊያናዊ ቀራጭ ነው። ጭምብሉን ያጠለቀ ሰው አይናገርም። ፊቱ ስለተሸፈነ የሚያወራለት ሰውነቱ ብቻ ነው። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፤ ተኝተሻል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትነቂያለሽ፣ ተነሥተሽ ታያለሽ። አለቀ።

ተኛሁ። ነቃሁ። ተነሣሁ። ዞር ብዬ አየሁ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ጭምብሉን ሳወልቅ ልጆቹ በሙሉ ፈገግ ብለዋል።

«ምን አያችሁ?» አላቸው።

«ልትደነቅ ተዘጋጀች» አለች አንዷ። «ገና ሳትዞር ደረቷ ተነሣ።»

አስተማሪው ራሱን ነቀነቀ። «የምታየውን ከማየቷ በፊት ታውቀዋለች» አለ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገጠመልኝ። አሥራ አንድ ሰከንድ! በድምፅ ክፍል የተያዝኩበት ስህተትና በጭምብሉ የተያዝኩበት ስህተት አንድ ነው። ነገሩ ሳይደርስብኝ አየር እስባለሁ፣ ደረቴን እቆልፋለሁ፣ የምሠራውን አውቄ እጠብቃለሁ። ጭምብሉ ፊቴን ሲሸፍነው ትከሻዬ ሁሉን ተናዘዘ።

በዚያው ሰሞን የፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደርን ታሪክ ሰማሁ። ሰውየው በ1869 ታዝማኒያ ነው የተወለደው። ሥራው መድረክ ላይ ግጥምና ተውኔት በቃል ማነብነብ ነበር። መድረክ ላይ ድምፁ ይዘጋበታል። ሐኪም አሳረፈው፤ ሲያርፍ ይድናል፣ መድረክ ሲወጣ ይመለሳል። «እንግዲያው ድምፄን የሚያጠፋው ስናገር የማደርገው አንድ ነገር ነው» ብሎ መስተዋት ፊት ቆመ። ለሰዓታት፣ ለወራት። ሲያየው፣ ማነብነብ ሲጀምር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ማንቁርቱን ይጫናል፣ አየሩን በአፉ ድምፅ እያሰማ ይስባል። ከዚያም ልብ ብሎ ሲመለከት፣ ዝም ብሎ ሲያወራም ያንኑ ያደርጋል፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው። የገረመው ግን ማስተካከል አለመቻሉ ነው። ጭንቅላቴን ወደ ፊት አደረግኩ ብሎ ሲያምን፣ መስተዋቱ አሁንም ወደ ኋላ መሆኑን ያሳየዋል። ትክክል ነው ብሎ የሚሰማው ስሜት ራሱ የለመደው ስህተት ነበር። መውጫ ያገኘው ለመናገር ሲያስብ ወዲያው አለመናገርን በመለማመድ ነው። ሐሳቡ ይመጣል፣ እሱ ግን አይነሣም። መጀመሪያ ያንን ግፊት መተው።

እኔ ከዚህ የተነሣው የአሌክሳንደር ዘዴ ተከታይ አይደለሁም። እውነቱን ለመናገር በአንድ ዘዴ የሚምሉ ተዋንያን ያደክሙኛል። አንዱ የጃፓናዊውን አዘጋጅ የታዳሺ ሱዙኪን መሬት በእግር መደቆስ ተምሮ ይመጣና ሌላው ሁሉ ጨዋታ ይመስለዋል። (መደቆሱን ሞክሬዋለሁ። እግርና ወገብ ያነቃል፣ ጉልበቴም እስካሁን ያስታውሰዋል።) ሌላው ገና ሦስት ቀን ሠልጥኖ ሰው አቀማመጥ ያርማል። ግን የመስተዋቱ ታሪክ ውስጤ ቀርቷል። ሰው ከመናገሩ በፊት ያለችውን ቅጽበት ያህል ነገር ለወራት ማየት!

ሁለቱን ትምህርቶች በአንድ ላይ የሰፋልኝ ደግሞ አንድ ፊደል ነው። «ና»። የእንቅስቃሴ አስተማሪያችን የእንቅስቃሴ ተመራማሪውን የሩዶልፍ ላባንን ትንታኔ ሲያስተምር፣ ማንኛውም እንቅስቃሴ ክብደት፣ ጊዜና አቅጣጫ አለው አለ። ከባድ ወይስ ቀላል? ድንገት ወይስ ቀስ? ቀጥታ ወይስ ዙሪያ ጥምጥም? ከሦስቱ ቅልቅል ስምንት ዓይነት ይወጣል፤ መግፋት፣ መምታት፣ መንሳፈፍ፣ መጠምዘዝ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም በሰውነታችን ከሠራን በኋላ «አሁን እየሠራችሁ ‹ና› በሉ» አለ። ግድግዳ በሁለት እጄ እየገፋሁ «ና» ስል ከድምፄ ውስጥ አዛውንት ወጣ፤ ከባድ፣ የማይታለፍ ትዕዛዝ። ከልብሴ ላይ አቧራ እንደማራግፍ ጣቶቼን ወርወር አድርጌ «ና» ስል ደግሞ ሥራ የበዛባት፣ ልጅዋን ሳታይ የምትጠራ ሴት። ድምፅ ለመቀየር ምንም አላደረግኩም። ሰውነቴ ሲቀየር ትንፋሹ ተቀየረ፣ ትንፋሹ ድምፁን ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ክፍሎች በሁለት ደብተር መያዝ አቆምኩ።

*

የመመረቂያ ተውኔታችን ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ አልተሰጠኝም። አገልጋይ ነበርኩ። መጋረጃው ሲገለጥ ጀምሮ ከግድግዳው ጥግ ቆሜያለሁ። ጌታዬና እንግዶቹ አንድ ሰው ይጠብቃሉ። ይከራከራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አርባ ደቂቃ ያህል። በመሃል አንዴ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር እናገራለሁ፦ «ጌታዬ፣ ሰውየው አልመጣም።» ሚናዬ ይኸው ነው።

ሚናው ሲነገረኝ አኩርፌ ነበር። የመግቢያ ፈተና ላይ ግድግዳ ያንቀጠቀጥኩ ሰው!

ጥናት ላይ ጌታዬን የሚጫወተው ልጅ ሳቀብኝ። «ልትናገሪ ስትይ ሳላይሽ አውቃለሁ» አለ። «አየር ስትስቢ እሰማሻለሁ። ተመልካቹም ያን ጊዜ ዘወር ብሎ ያይሻል። ገና ሳትናገሪ ዜናውን ነገርሻቸው።» እንደገና ያው በሽታ። አራት ዓመት ተምሬ!

ስለዚህ ሳልናገር የምቆምባቸውን አርባ ደቂቃዎች መሥራት ጀመርኩ። ቃሌን አላጠናሁም፤ ሦስት ቃል ምን ይጠናል። የሌሎቹን ሳይሆን የራሴን እግር አሰብኩ። ክብደቴ የት ነው? ተረከዜ ላይ ከሆነ ሸሽቻለሁ፤ ጣቶቼ ላይ ከሆነ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። መሃል ላይ ስሆን ጉልበቴ ይላላል፣ ጉልበቴ ሲላላ ሆዴ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ጌታዬ የሚለው ነገር ይሰማኛል። የምር ይሰማኛል። በአሥረኛው ጥናት ላይ ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ ቀልድ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። እስከዚያ ቀን ዘጠኝ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም።

የመጨረሻው ትርኢት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህራችን እንደ ልማዳቸው መጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ። ወጥቼ ተመለስኩ። ጌታዬ ዘወር ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ በጥናት ያላየሁት፣ ምናልባት ደክሞት ይሆናል። የሚጠብቀው ሰው እንዲመጣ የምር የፈለገ መሰለኝ። አዘንኩለት። እሱን ሳዝንለት አየሩ ገባ፤ መቼ እንደገባ አላውቅም። ተናገርኩ። አልጮኽኩም። ከፍ ያለ ድምፅም አልነበረም።

ከትርኢቱ በኋላ ሰው ሁሉ ዋናዎቹን ከቦ ነበር። እኔ የአገልጋይ ልብሴን እያጣጠፍኩ ሳለ መምህራችን ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ይቸኩሉ ነበር።

«‹አልመጣም› ኋላ ድረስ ተሰምቷል» አሉኝና ወጡ።